ጠባቂ ያጣ ጎጆ

ማርሊስ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጓ ሲጎብጥ ለአፍታ ደስ አላት። ዓሣው ከየት እንደተነሣ ስታይ ግን ደስታዋ ወዲያው ጠፋ።

የወረወረችው ከድንጋይ ግድቡ በስተግራ ነበር። ክሩን የሚያሰምጠው የእርሳስ ክብደት ከሥር ዐርፎ፣ የላስቲክ ትሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ እሷ የዘንጉን ጫፍ በስሱ ስታንቀጠቅጥ፣ የኤሪ ሐይቅ ሞገድ ሳታውቀው ክሩን ወደ ቀኝ ገፋው፤ ሳምንቱን ሙሉ "እዚህ እንዳትወረውሩ" እያለች ሰው ስትከለክልለት ወደ ሰነበተችው፣ እንቁላል ጠጠር ላይ ወዳረፈበት የዓሣ ጎጆ።

በዚህ የመራቢያ ወር፣ ባስ የተባለው ዓሣ ወንዱ የሚነክሰው ርቦት አይደለም። እንቁላሉ ላይ የመጣበትን ነገር በአፉ ይዞ ሊጥል ነው።

"ሰው ስትቆጪ ከርመሽ ራስሽ?" አለ አጠገቧ የሚያጠምደው ታላቅ ወንድሟ ኦርቪል።

"ዝም ብለህ ጉጠቱን አቀብለኝ።"

መንጠቆው ጉሮሮው አጠገብ ገብቷል። በጠራው ውኃ ውስጥ፣ ጎቢ የሚባሉት አውራ ጣት የሚያህሉ ዓሦች ከድንጋይ ሥር ብቅ ማለት ጀምረዋል። ሁለት። ከዚያ አምስት። እንቁላል በላተኞች ናቸው፤ ጠባቂ ያጣ ጎጆ ደቂቃዎች ቢቆይላቸው ነው። ጉጠቱ አዳለጣት።

"ክሩን ቁረጪና ልቀቂው።"

"መንጠቆ ጉሮሮው ውስጥ ትቼ?"

"ታዲያ ሐኪም ልትጠሪለት ነው?"

በሦስተኛው ሙከራ ወጣላት። ዓሣውን ውኃው ውስጥ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ጭራውን አወናጭፎ ሄደ። ወደ ጎጆው ሳይሆን ወደ ጥልቁ።

"ደንግጦ ነው፤ ይመለሳል" አለ ኦርቪል። ድምፁ ግን ያመነበት አይመስልም።

"እስከዚያስ?"

መልሱን አልጠበቀችም። መንጠቆውን ቆርጣ ኪሷ ከተተች፤ እርሳሱን ብቻ መልሳ አሰረችና ጎጆው ዳር አውርዳ ጠጠሩን መታች። ጎቢዎቹ ተበተኑ። ወዲያው ተመለሱ። ደግማ መታች። በአንድ በኩል፣ ጠጠሩ ላይ ያለው ቢጫ የእንቁላል ንጣፍ ተበልቶ ሳስቷል።

"በቆሎ ላይ ቁራ የምታባርሪ መሰልሽ።"

"ያንተንም እርሳስ አምጣ። በዚያ ማዶ እየገቡ ነው።"

ኦርቪል እያጉረመረመ መንጠቆውን ፈታ፤ ጉልበቱን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። በየተራ ይመቱ ጀመር። ዐሥር ደቂቃ ይሁን ሃያ፣ ማርሊስ አላወቀችም። ክንዷ ዝሏል፤ ዓይኗን ግን ከጥልቁ አልነቀለችም።

አንድ ቡናማ ጥላ መጣ። ቆመ። ጎጆውን አንድ ጊዜ ዞረው። ከዚያ ወንዱ ዓሣ የእሷን እርሳስ በአፉ አፈፍ አድርጎ፣ ወደ ዳር ወስዶ ተፋው።

"አባረረን" አለ ኦርቪል።

ማርሊስ ክሩን ቀስ ብላ ሰበሰበች።