ማንም ያልነካው ጣት

አናጢው ሌባ ጣቱን መጋዝ ከቆረጠው ሦስት ዓመት ሆነው። ቁስሉስ ድኗል፤ ያልዳነው ሌላ ነው። የቀረችው ጉማጅ መላጊያው ላይ ባረፈች ቁጥር ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው እስከ ክርኑ ያንዘረዝረዋል። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ መከራ ሆነበት።

ጣቱን የሰፉለት ትልቁ ሐኪም ራጁን ወደ መብራቱ አንሥተው አዩና፣ "አጥንትህ ንጹሕ ነው። የሌለ ጣት እንዴት ያማል? ሐሳብ አታብዛ" አሉት። ይህንኑ ጽፈው ማኅተም መቱበት። ልብ በሉ፣ ከወንበራቸው እንኳ አልተነሡም!

የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት ታላቅ ወንድሙ ነው። ወረቀቱን አነበበ፤ በቃ፣ ነገሩ አለቀ። "ጌትዬው ዛሬም አመማቸው?" እያለ በሠራተኛ ፊት ያሾፍበት ጀመር። በኋላም ቁርጡን ነገረው።

"ሁለት ወር ሰጥቼሃለሁ። መላጊያ ካልያዝክ ቦታህን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።"

አካሉ የጎደለ ሰው በዚያ ላይ ውሸታም ሲባል እንዴት አያንገበግብ!

በዚያው ሳምንት ሌላ ሆስፒታል ሄደ። ወጣቷ የቀዶ ጥገና ሐኪም ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጋ፣ "እጅዎን ይስጡኝ እስቲ" አለችው። ጉማጇን በእስክሪብቶ ጫፍ መታ መታ አደረገች። አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ጮኾ ተስፈነጠረ።

"ይኸውልዎ" አለች። "የተቆረጠው ነርቭ መሄጃ አጥቶ ጠባሳው ውስጥ ተጠቅልሎ አብጧል። እብጠቱን ቆርጬ አወጣዋለሁ፤ ጫፉን ደግሞ መዳፍዎ ውስጥ ጡንቻ መሃል እቀብረዋለሁ። እዚያ ዕቃ አይነካውም። መቶ በመቶ ባልልዎም ብዙ ሰው ይሻለዋል። እስካሁን ማን ነክቶ አየው?"

"ማንም።"

እንባው መጣ፤ የንዴት እንባ ነበር። በእስክሪብቶ ጫፍ ለሚገኝ ነገር ሦስት ዓመት!

ቀዶ ጥገናው በተደረገ በሰባተኛው ሳምንት መላጊያውን ጨብጦ አንድ ሳንቃ ከዳር እስከ ዳር ላገ። ምንም አላመመውም። ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበ። ወንድሙ ግን ሐኪሟ ለአናጢው ጽፋ የሰጠችውን ወረቀት ተቀብሎ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ አነበበ።

"አንተ ሰው፣ እውነትህን ነበር እንዴ? ታዲያ ምነው እንዲህ ነው ብለህ አትነግረኝም?"

የአናጢው ደም ፈላ።

"ሦስት ዓመት ሙሉ ምን ስልህ ነበር ጋሼ? እኔ ስናገር አልሰማህም፤ ዛሬም ያመንከው ወረቀቱን ነው።"

መላጊያውን ጠርጎ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ።

"ኧረ ወዴት ነው?" አለ ወንድሙ ደንግጦ።

"የሚሠራ እጅ አለኝ። ለሚያምነኝ ሰው እሠራበታለሁ።"