ረቡዕ የዋለው ሚሌኒየም

በርበሬዬ ተጋብዟል፤ እኔ ግን አልተጋበዝኩም። ነገሩን ለሚጠይቀኝ ሁሉ ባጭሩ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የናይሮቢ ኢትዮጵያውያን የሚሌኒየም ኮሚቴ ኢስሊ ካለው ሱቄ ሃያ ኪሎ በርበሬ አዘዘ። ከሞያሌ የማስመጣውን በርበሬና ሽሮ ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ ኩለሱም ጋ ሂዱ ይባባላል። በዚያው ሰሞን ግን እነዚሁ ሰዎች በኢሜይል መወያያ መድረካቸው ላይ እኔና መሰሎቼ በግብዣው ቀን ምን እንደምንበላ ይከራከሩ ነበር።

መድረኩን ያስለመደችኝ ልጄ ላሚያ ናት። ከሱቄ ሥር ያለው ሳይበር ካፌ ገብቼ፣ አማርኛዬን በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ አንድ እየለቀምኩ እጽፋለሁ። እዚያ የማይነሳ ወሬ የለም። የማን አያት ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ጭፈራ የማን እንደሆነ፣ እዚህ የተወለዱ ልጆች ሐበሻ ይባሉ አይባሉ፣ ሁሉም ይነሳል። ሰዉ መንገድ ላይ ሲገናኝ ትከሻ ለትከሻ እየተሳሳመ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ የታሪክ ሊቅ ይሆናል። እኔም ብሆን አልተሻልኩም፤ ሱቅ ዘግቼ የተከራከርኩበት ቀን አለ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሀብተወልድ ነው። አንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ ከረባቱ የማይፈታ፣ ክፉ የማይባል ሰው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «አንድ ሕዝብ፣ አንድ ድስት። የክርስቲያን ድስት፣ የእስላም ድስት የሚባለውን ኋላ ቀር ነገር ይዘን አዲሱ ሺህ ዓመት አንገባም። በሬው በባህላችን መሠረት ይታረዳል። ለማይመቸው ዳቦና ሰላጣ ይዘጋጃል።»

ሰዉ አጨበጨበለት። ደስ አላቸው፣ ዘመናዊ የሆኑ መሰላቸው። እኔ ደሜ ፈላ።

ለምን እንደፈላ ላስረዳ። ኮምቦልቻ ሳድግ ጎረቤታችን ጋሽ ባንታየሁ ልጃቸውን ሲድሩ፣ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ሙክት በግ እየጎተቱ መጥተው እኛ በር ላይ አሰሩት። «ይኸው የናንተ» አሉት አባቴን። አባቴ ቢስሚላህ ብሎ አረደ፣ አክስቴ እዚያው የጋሽ ባንታየሁ ጓሮ ለብቻ በተጣደ ድስት ሠራችው። የክርስቲያኑ በሬ ወዲያ፣ የእስላሙ በግ ወዲህ፣ ዘፈኑና ዳሱ አንድ። እኛም ስንድር እንደዚያው ለነሱ። ለኔ የእስላም ድስት ማለት ጋሽ ባንታየሁ ገና ሳንጠራ እኛን አስበው በግ የገዙበት ቀን ነው። ዳቦና ሰላጣ የሚሰጠው ግን ያልታሰበ ሰው ነው።

ይህንኑ ጻፍኩ። አቦሸማኔ የሚል የብዕር ስም ያለው አንዱ ወዲያው መለሰልኝ፦ «እህቴ፣ ይህ የኢትዮጵያ ባህል በዓል ነው። በእንግድነት ከመጣችሁ የቀረበላችሁን መብላት ነው።»

እንግዳ አለኝ። በርበሬዬን አስፈጭቶ እንግዳ አለኝ።

ላሚያ ከጀርባዬ ቆማ አነበበችው። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። «ማማ፣ ዋቻና ናኦ» አለች፣ ተያቸው ማለቷ ነው። «ሰላጣ ልበላ እስከ ሁርሊንግሃም ድረስ ማታቱ አልሳፈርም። ሐበሻ ነኝ ስል ሐበሾቹ ራሳቸው አይደለሽም ካሉኝ ኢትስ ፋይን፣ እኔ የናይሮቢ ልጅ ነኝ።»

ቅር ያለኝ አቦሸማኔ ከጻፈው ይልቅ ይህ ነው። ልጄ ስትለው አልተናደደችም፤ ያበቃ ነገር አድርጋ ነው የተናገረችው። ይህች ልጅ በዚያ ግብዣ ላይ እንደ ቤተኛ ካልተቀመጠች ሁለተኛ ወደዚህ ወገን ዞራ እንደማታይ ገባኝ። በርበሬውን አልሸጥም ብዬ ልገላገል እችል ነበር። ግን ኩርፊያ ለነሱ ይመቻቸዋል፤ ቦታዬን በገዛ እጄ ለቅቄላቸው ነው የምሄደው።

መፍትሔው ከንግዴ መጣ። ሽሮ ማክሰኞና ሐሙስ ይሟጠጣል፤ በማግስቱ ጾም ነዋ። ስለዚህ ለበዓል ሰሞን ዕቃ ሳዝ ምንጊዜም ከአዲስ አበባ የመጣውን የቀን መቁጠሪያ አያለሁ። መስከረም አንድን ፈለግሁ። ረቡዕ ነው። ጣቴን እዚያ ላይ አድርጌ ቆየሁና ብቻዬን ሳቅሁ። እነዚህ ሰዎች ስንት ቀን ሙሉ በሬው በማን ቢላ ይታረድ እያሉ ሲነታረኩ፣ ቀኑ ጾም መሆኑን አንዳቸውም አላዩም።

ወርጄ ጻፍኩ፦ «ክቡራን የባህል ጠበቆች፣ መስከረም አንድ ረቡዕ ይውላል። በሬውን ማን ሊበላው ነው? ኩለሱም ነኝ፣ ከኢስሊ።»

በማግስቱ አቶ ሀብተወልድ ጻፈ፦ «ኮሚቴው ባደረገው ማጣራት ግብዣው ወደ ቅዳሜ መስከረም አራት ተዛውሯል። የምሳ ግብዣ ይሆናል።» ማን እንዳጣራ አላለም። ቅዳሜ የፍስክ ቀን ነውና ሁሉም ተስማማ።

እኔ ግን አልተስማማሁም። «ሐሙስ ወይ ዓርብ ረመዳን ይገባል፣ ጨረቃዋ ናት የምታውቀው» ብዬ ጻፍኩ። «ከራሳችሁ ጾም ሸሽታችሁ እኛ ጾም ላይ ምሳ ጣላችሁ። እኔ የናንተን ረቡዕ ቆጥሬላችኋለሁ፤ የኔን ረመዳን የቆጠረልኝ የለም። ስለዚህ ዘመን የሚለወጠው ረቡዕ ነውና ረቡዕ በዓሉ እኔ ቤት ነው። ኢስሊ፣ ሱቄ ያለበት ሕንፃ ጣራ ላይ። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ዘይቱ ንጹሕ፣ ድስቱ አዲስ። ቢላ የለም። የማን ቢላ ብሎ የሚጣላም የለም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ኑ።»

«ለምን ዘጠኝ?» አለች ላሚያ።

«ጾመኛ እስከዚያ እህል አይቀምስም። ሰው ስትጠሪ ሰዓቱን ታውቂለታለሽ።»

«እነሱ ግን ያንቺን አያውቁም።»

«እንዲያውቁ ነዋ የምጠራቸው።»

ማንም አይመጣም ብላ ትከሻዋን ሰበቀች። እውነት ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር። ሦስት ትልልቅ ድስት ሞልቶ የሚመጣ ሰው ከጠፋ፣ ልጄ ፊት ውርደቱ ድርብ ነው። ቢሆንም ጣራው ላይ የተሰጣውን ልብስ አስነሳን፣ ምንጣፍ አነጠፍን፣ የሰፈሩ አብዱልፈታ ድንኳን አከራየን።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ ማንም የለም። ዘጠኝ ተኩል ላይ ከታች የማታቱ ጥሩንባ ተሰማ። ላሚያ ወደ መንገዱ አጎንብሳ አየችና «ማማ፣ ዌንጊ ሳና» አለች፣ ብዙ ናቸው ማለቷ ነው። ነጠላ የለበሱ ሴቶች በአራት ፎቅ ደረጃ እያለከለኩ ወጡ። ከፊት እማማ ሠርክ ነበሩ፣ የአቶ ሀብተወልድ እናት፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ። ኢሜይል ምን እንደሆነ አያውቁም።

«በመስከረም አንድ ቤቱ ጭር ብሎ ቁጭ» አሉኝ ተቀምጠው ሲተነፍሱ። «ቅዳሜ ነው ይለኛል። ዘመን ቀጠሮ ያሸጋግራል እንዴ? ያቺ የኢስሊዋ ጠርታለች ሲሉ ሰማሁ፣ ምራቴ ይዛኝ መጣች። ዘጠኝ ሰዓት ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ያሳደገሽ ይባረክ» አሉና ላሚያን አጠገባቸው አስቀመጧት። የማን ልጅ እንደሆነች፣ አባቷ ከወዴት እንደሆነ፣ ምን እንደምትማር ሲጠይቋት፣ ልጄ ያን በስዋሂሊ የተቀላቀለ አማርኛዋን ሳታፍር ስትመልስ ሰማሁ። ሰዉ እየጨመረ ሄደ፣ ወንዶቹም መጡ። አቦሸማኔ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሽሮዬን ደግመው ከበሉት አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አቶ ሀብተወልድ እናቱን ሊወስድ መጣ። የመኪና ቁልፉን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። ጣራው ሙሉ ነው።

«ወይዘሮ ኩለሱም፣ ደስ የሚል ዝግጅት ነው» አለኝ። «ቅዳሜም እንደምትገኙልን ተስፋ አለኝ።»

«ቅዳሜ ጾመኞች ነን» አልኩት። «ግብዣውን ወደ ማታ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ታደርገዋለህ። አንድ በግ እዚህ ይመጣል፣ የኛ ሰው ያርዳል፣ ድስቱ ለብቻው ይጣዳል፣ ዳሱ አንድ ይሆናል። ይህንንም በራስህ ስም መድረኩ ላይ ትጽፈዋለህ። እንግዳ የተባልነውም እዚያው ነው።»

«ኮሚቴውን ማማከር አለብኝ።»

ዞር ብዬ በእጄ አሳየሁት። ከሰባቱ የኮሚቴ አባላት አምስቱ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። «አማክራቸው። ጎመን የሚጎርሰውን ግን ትንሽ ታገሠው።»

አንዱ አንገቱን ደፋ፣ ሌላው ሳቀ፣ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ልክ ናት አሉ። እማማ ሠርክ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «ሀብቴ፣ ምን ይገትርሃል? የተባልከውን ጽፈህ ና» አሉት።

«እሺ፣ ነገ ቢሮ ስገባ እጽፋለሁ» አለ።

«ሳይበሩ ታች ነው፣ ክፍት ነው» አለች ላሚያ። ማንም ሳይልካት ተነስታ ደረጃው ጋ ቆማ ጠበቀችው። «የኛ መድረክ አድራሻ ከጠፋብህ እኔ አሳይሃለሁ።»

የኛ አለች። እንባዬ መጣ፤ ግን ዋጥ አድርጌው ጭልፋውን አነሳሁ። ሁለቱ ወደ ታች ሲወርዱ ለአቶ ሀብተወልድ ከሽሮውም ከምስሩም በደንብ አወጣሁለትና፣ ጽፎ እስኪመለስ ሳህኑን ከድኜ አቆየሁት።