የመረከቢያው መስኮት

እታለም በቤቷ ኬክና ዳቦ እየጋገረች ስትሸጥ መጋገሩ አስቸግሯት አያውቅም። ዱቄት እጇ ከገባ አያሳፍራትም። መከራዋ ማስረከቡ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ያዘዘው ሁሉ እንደተቀጣጠረ አንድ ላይ ይመጣና ሳሎኗን ይሞላዋል። ወንበር ያጣው በሩ ላይ ይገተራል፣ ልጆች ሶፋው ላይ ይዘላሉ፣ አላፊ አግዳሚው «ዛሬ ደግሞ እዚህ ቤት ሠርግ ነው ለቅሶ?» እያለ ያሾፋል። እሷም እሷ ናት! አንድ ካርቶን ለማስረከብ ክዳኑን ከፍታ ካላሳየች፣ የማን ልደት እንደሆነ ካልጠየቀች፣ የልጁን ጉንፋን ካላነሳች አይሆንላትም። ምድጃ ውስጥ ያለው እስከዚያ ያርራል።

አንድ ቅዳሜማ ጉድ ፈላ። የአዛውንቱ ኬክ ለሕፃን፣ የሕፃኗ ለአዛውንቱ ተሰጠ። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሰውዬ «ለአንድ ዓመቷ ልዕልታችን» የሚል ኬክ ቆረሱ። እሳቸው እንኳ ስቀው አለፉት፤ የሕፃኗ እናት ግን ልጇን ታቅፋ መጥታ፣ «ልጄን አሮጊት አደረግሻት!» ብላ ሰፈሩን ቀወጠችው።

ታናሽ እህቷ የደረሰችው በዚያው ሰሞን ነው። ስሟን የሚጠራ የለም፤ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች ሠላሳን ተሻግራም ጩጬ ነው የምትባለው። የምትሸጥበት ሱቅ ተዘግቶባት፣ እስኪያልፍላት እህቷ ጋ ልታርፍ መጣች። ቅዳሜውን ጥግ ይዛ አየችውና ራሷን ያዘች።

«እታለም፣ እንዲህ እየሠራሽ እስካሁን እንዴት አላበድሽም?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ደንበኛ ላባርር?»

«ማን አባርሪ አለሽ! መንገድ ዳር እንደዚህ ያለ መስኮት እያለሽ ሰው ቤት ለምን ይገባል?»

ጩጬ የዋዛ አልነበረችም። ሳምንት ሳይሞላ መስኮቱ ሥር መደርደሪያ አሠራች። እያንዳንዱ ካርቶን ላይ ስምና ሰዓት ለጠፈች፤ የጠዋቱ ቢጫ ወረቀት፣ የቀትሩ ሰማያዊ፣ የከሰዓቱ ቀይ። ያዘዘ ሰው በሰዓቱ ይመጣል፣ በመስኮቱ ይቀበላል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ትዕዛዝም በጩጬ ስልክ ሆነ፤ ሊጥ በነካ እጅ ስልክ ማንሳት ድሮም አይሆንም። የወጥ ቤቱ ዝብርቅርቅ ለደንበኛ እንዳይታይ ደግሞ እታለም ራሷ ወፍራም መጋረጃ ሰፍታ መሃል ላይ ሰቀለች። ልብ በሉ፣ በገዛ እጇ!

እውነቱን ለመናገር ሠራ። ቅዳሜ እንደ ማክሰኞ ሆነ። ኬክ ማረሩ ቀረ፣ ኬክ መቀያየሩም ቀረ፣ ትዕዛዝ በላይ በላዩ መጣ። እታለም ሊጥ እያቦካች፣ «ጩጬዬ፣ አንቺ ባትደርሺልኝ ምን ይውጠኝ ነበር!» ማለት መዝሙሯ ሆነ። አይ እታለም! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ መሆኑን ማን በነገራት።

አንድ ነገር ብቻ ሆዷን ይበላት ጀመር። ድሮ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ሳይላት የሚወጣ ደንበኛ አልነበረም። አሁን የክሬም መምቻው ጩኸት ጋብ ሲል ከመጋረጃው ወዲያ የሚሰማት የጩጬ ሳቅና የካርቶን ኮሽታ ነው።

«ልብስ ሰፊዋ ምን አለች? የልጇን ኬክ ወደደችው?»

«ምን ትላለች? ወሰደች።»

«ምንም አላለችም?»

«እታለምዬ፣ የዛሬ ሰው ችኩል ነው። ተቀብሎ ይሮጣል።»

እታለም እጇን ጠረጠረች። ቅቤ ጨመረች፣ ስኳር ቀነሰች፣ መልሳ ጨመረች። ክሬሙን ከመቅመስ ብዛት ምላሷ ጨው ከስኳር መለየት ተሳነው። «እጄ ተበላሸ እንዴ፣ ጩጬ?» ስትል እህቷ፣ «ኧረ ደህና ነው፣ አይዞሽ» ብላ መጋረጃውን መለስ አደረገችው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እንቁላል አለቀ። ጩጬ መስኮቱ ላይ ወረፋ ይዟታል፤ እታለም ሽርጧን እንደታጠቀች በጓሮ በር ወጥታ ራሷ ገዛች። በሁለት እጇ የእንቁላል ትሪ ተሸክማ ስትመለስ፣ መታጠፊያው ላይ ልብስ ሰፊዋ ካርቶኗን ይዛ ብቅ አለች። እታለምን ስታይ ካርቶኑ ከእጇ ሊያመልጥ ነበር።

«ውይ እታለም! እሰይ! ተነሳሽልን? እጅሽ ተሻለሽ?»

«የቱ እጄ?»

«ኧረ አምጪው ይሄን! ማነው ደግሞ ሸክም ያሸከመሽ?» ካርቶኗን አጥር ላይ አኖረች፣ ትሪውን ቀምታ ከጎኑ አስቀመጠችና የእታለምን ጣቶች አንድ በአንድ ታሻሽ ጀመር። «እህትሽ ሁሉንም ነግራናለች። ጣትሽ አልታዘዝ ብሎሽ፣ ሊጥ መንካት አቅቶሽ... ሰው ማየትም እንደማትፈልጊ። በር አታንኳኩባት ስላለችን ነው እንጂ እኔ ሳልጠይቅሽ እቀር ነበር?»

እታለም ጣቶቿን ልትስብ ብትል ልብስ ሰፊዋ አልለቀቀቻትም።

«እሷም ጎበዝ ናት፣ ይኸው ሙያሽን ይዛ ቤቱን አቆመችው።» ልብስ ሰፊዋ ዙሪያዋን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ስለሆንሽ ነው የምነግርሽ፤ ያንቺን ኬክ አያክልም። የእጅ ነገር አይወረስም። ግን ምን ይደረግ፣ ትጣጣራለች። ከወሩ መባቻ ጀምሮ ደግሞ ከአዲሱ ሱቄ ውሰዱ ብላናለች፤ እኛም መቼም አንለያትም።»

እንግዲህ ይታያችሁ! የገዛ ኬኳን ከገዛ ኬኳ አወዳድረው አሳነሱባት። እንቁላሉን አንስታ እንዴት ቤት እንደደረሰች አታውቅም።

ወረፋው አልቆ ጩጬ መስኮቱን ስትዘጋ እታለም መጋረጃውን ገልጣ ቆመች።

«እጄ ምን ሆነ?»

የጩጬ ፊት አመድ መሰለ። «ማነው የነገረሽ?»

«የምጠይቀው እኔ ነኝ! እጄ ምን ሆነ?»

«እታለምዬ፣ ስሚኝ። ሁሉም እታለምን ጥሪልኝ ይላል። ሰላም ልበላት፣ ልመርቃት። አንዱ ካንቺ ጋ ወሬ ከጀመረ ወረፋው ይቆማል። አንድ ቀን 'እጇን ትንሽ አሟታል' አልኩ፣ ለዚያች ቀን ብቻ። በማግስቱ 'እንዴት ዋለች?' አሉኝ። ምን ልበል? ደህና ሆነች ካልኩ ሊገቡ ነው...»

«ሱቁንም ያስከፈተሽ ወረፋው ነው?»

ጩጬ አቀረቀረች።

«ተናገሪ እንጂ! እዚያ ማን ሊጋግርልሽ ነበር?»

«አንቺ» አለች ጩጬ፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ። «አንቺ እዚህ ትጋግሪያለሽ፣ እኔ እዚያ እሸጣለሁ ብዬ። ልነግርሽ ነበር።»

«በበሽተኛው እጄ?»

ጩጬ አለቀሰች። «ዕድሜዬን ሙሉ ጩጬ ነኝ፣ እታለም። እዚህ መስኮት ላይ ስቆም ነው ሰው እትዬ ያለኝ። ባለሙያዋ ያለኝ። አንቺ ይሄ አይገባሽም።»

እታለም ይህችን ልጅ በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ፈረስ ይሻላል፣ ፈረስ ጥሎሽ ሲያበቃ ወረፋ ላሳጥር ብዬ ነው አይልም። ልትሰድባት አሰበች፣ ልታባርራት አሰበች። ሁሉም ቀረባት፤ አንድ ነገር ብቻ ፈለገች።

«አሁን ለሚመጣው ሰው መስኮቱን ትከፍቺና በራስሽ አፍ እውነቱን ትናገሪያለሽ። ይቅር የምልሽ ያኔ ነው። ሱቅሽን ክፈቺ፣ አልከለክልሽም። ግን እጄን መልሺልኝ።»

ጩጬ እንባዋን ጠርጋ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ብዙም ሳይቆይ መስኮቱ ተንኳኳ። ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞች አንዱ የሆኑት ጡረተኛው ሹፌር ነበሩ፤ ዳቦ ከሌላ ቤት በልተው አያውቁም። ጩጬ ከፈተች። ዳቦውን አነሳች። ቆመች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ቃል ግን አልወጣም። እታለም ጠበቀች ጠበቀችና ወደ መስኮቱ ቀረበች።

«አባባ፣ እኔ ደህና ነኝ። እጄን አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። ኬኩንም ዳቦውንም የምጋግረው እኔ ነኝ፣ ሁልጊዜም እኔው ነበርኩ።»

ሽማግሌው ረጋ ብለው አዩዋት። ዓይናቸው በሐዘኔታ ሞላ።

«እሺ ልጄ። እሺ የኔ ዓለም። እግዜር ይማርሽ» አሏት። ከዚያ በእሷ ትከሻ ላይ አሻግረው ጩጬን አዩና ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዳልሽው ነው ለካ፤ ሕመሟን አታምንም፣ ደህና ነኝ ትላለች። አንቺ ግን አይዞሽ። እህትሽን ደግፈሽ፣ ቤቱን ተሸክመሽ... ውለታሽን እግዜር ይክፈልሽ።»

እታለም ወደ እህቷ ዞረች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አይደለም፣ ውሸቴን ነው፣ ብትል፣ ሽማግሌው እዚያው መስኮቱ ሥር ሁሉን ይረዱት ነበር። ጩጬ እህቷን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ ዳቦውን አሳልፋ ሰጠቻቸው።

«አሜን፣ አባባ» አለች።