ጃም የተደረገ መኪና ለምን ይቆማል

ኑ፣ ጠጋ በሉ። ቦታው ለሁላችሁም ይበቃል፤ ባይበቃም ተደጋገፉ፣ ማንም ማንንም አይበላም። ስልካችሁን ወዲያ አድርጉና ጆሯችሁን ለጥቂት ጊዜ አውሱኝ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ይህን የምነግራችሁን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። በዚህችው ቤት፣ በዚሁ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በዓይኔ ያየሁት ነው። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ መካኒክ ነው፤ እጁ ዘይት፣ አፉ ቁጡ፣ ልቡ ግን የሕፃን። ታናሽ እህቱ ማተሚያ ቤት ትሠራለች። ሦስተኛው ያልወለድኩት ልጄ ነው፤ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ያደገ የመካኒኩ ጓደኛ። መድኃኒት ቤት ይሠራል። ከልጅነቱ ዝምተኛ ስለሆነ ጭምቱ ነው የምንለው።

ሦስቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ጨዋታ አላቸው። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ካርታ ይዘረጋሉ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ጠጠሮች ይጥላሉ፣ በሌለ አገር ውስጥ የሌለ መኪና ይነዳሉ። ሴቷ ልጄ ዳኛ ናት። "ፊታችሁ ወንዝ አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ትላለች። እነሱ ይመልሳሉ፤ ጠጠሩ ይፈርዳል። በቃ ይኸው ነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን "ይሄን ሁሉ ዕድሜ ይዛችሁ እቃ እቃ ትጫወታላችሁ?" ብዬ ስቄባቸው ነበር። ትንሽ ቆይቼ እኔው ራሴ እጄን እየጠረግሁ ብቅ እልና "መኪናው ወጣ እንዴ ከጭቃው?" ማለት ጀመርኩ።

ጭምቱ ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳል፤ በጨዋታው ማለቴ ነው። ከጦርነት የሚሸሹ ሕፃናት ጭኗል። መካኒኩ በትንሽ መኪና ከኋላ ይጠብቀዋል፤ መጎተቻው ገመድ ያለውም የእሱ መኪና ላይ ነው። የሚነጋገሩት በሬዲዮ ነው።

ጠቡን ያመጣው ጃም የሚሉት ነገር ነው። ጠላት፣ የእነሱ ሬዲዮ እንዳይሰማ፣ አየሩን በጩኸት የሚሞላ መሣሪያ አለው። ዳኛዋ ባወጣችው ደንብ ደግሞ ጃም የተደረገ መኪና ባለበት ይቆማል። አንድ ቅዳሜ ጠጠሩ ክፉ ቁጥር አወጣና ሁለቱም መኪኖች ሜዳ ላይ ቀጥ አሉ።

መካኒኩ ከወንበሩ ተነሣ። "ይሄ ደንብ አይሠራም! ሬዲዮ ቢታፈን ሞተርን ምን አገባው? ሞተር የሚሄደው በናፍጣ ነው፣ በወሬ አይደለም!"

"በዚያ በጨዋታው ዘመን መኪናው ራሱ በሬዲዮ የሚመራ ይሆናላ" አለ ጭምቱ ቀስ ብሎ። "ደግሞ ደንብ ደንብ ነው። ዳኛዋ እሷ ናት።"

"አንተ ደግሞ! ቀኑን ሙሉ ሽሮፕ ስታንቆረቁር ውለህ ስለ መኪና ምን ታውቃለህ?"

ምነው ይቺን ባላላት! የጭምቱ ፊት ዐመድ መሰለ። ያ ልጅ ለታማሚ ሁሉ መድኃኒቱን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ የሚያስረዳ፣ ሥራውን እንደ ዓይኑ የሚያይ ልጅ ነው። ጃኬቱን አነሣና ወጣ።

ሳምንቱን ሙሉ መካኒኩ እህል አልበላ አለኝ። ስልኩን ያነሣል፣ መልሶ ያስቀምጣል። "ይቅርታ በለው" ስለው "ምን አልኩትና!" ይለኛል። ይቅርታ የምትባል ቃል በእሱ ጉሮሮ አታልፍም፤ በአባቱም አታልፍም ነበር። እኔ ግን ፈራሁ። ልጄ ጋራዥ ከብሎን ጋር ይውላል፤ ማታ ከእኔ ጋር ሁለት ቃል ይለዋወጥና ይተኛል። ሆዱን የሚያውቅለት ሰው ጭምቱ ብቻ ነው። ያ ጠረጴዛ ከፈረሰ ልጄ ብቻውን ቀረ ማለት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ጭምቱ ነው። ገባ፤ ግን አልተቀመጠም።

"እማማ፣ ደህና ሰነበቱ?" አለኝ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞሮ "የመጣሁት ለሕፃናቱ ስል ነው። ሜዳ ላይ በትኛቸው መቅረት አልሆነልኝም። ዛሬ መኪናዬ ከጠፋ እኔም ከዚህ ቤት ጠፋሁ" አለ።

የሌሉ ሕፃናት እኮ ናቸው፣ ልጆቼ! ከቃል የተሠሩ። ለእነሱ ብሎ መጣ።

ዳኛዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ደንቡን አሻሽያለሁ። ሞተር አይቆምም። ጃም የሚያፍነው ሬዲዮን ብቻ ነው። አቧራ ተነሥቶ ለያይቷችኋል፤ ካሁን በኋላ መነጋገር አትችሉም።"

"እንዴት ሆኖ?" አለ መካኒኩ ጭምቱን ሳያየው። "ፊቴ ተቀምጦ የሚለውን ሁሉ እየሰማሁ አልሰማሁም ልበል? ይሄም አይሠራም።"

እኔ ድንች በሳህን ይዤ እያለፍኩ ነበር። "ታዲያ አንዳችሁ ለምን ጓዳ አትገቡም?" አልኩ።

እንዲሁ አፌ ላይ የመጣ ነገር ነው። ሦስቱም ዞረው አዩኝ። "እማዬ!" አለችና ዳኛዋ ጉንጬን ሳመችኝ።

ጭምቱ ጓዳ ገባ፤ መካኒኩ ሳሎን ቀረ። በሮቹ ገርበብ አሉ። ከማተሚያ ቤት በመጣ ስስ ወረቀት ላይ የታተመ አንድ ዓይነት ካርታ ለእያንዳንዳቸው ተሰጣቸው፣ ከእርሳስ ጋር። እኔ ጓዳዬን ስለተነጠቅሁ ድንቼንና ቢላዬን ይዤ ልልጥ ኮሪደሩ ላይ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። እዚያ ሆኖ የሁለቱም ድምፅ ይሰማል። ከዳኛዋና ከእኔ በቀር ሁለቱንም የሚሰማ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊታቸው መንታ መንገድ አለ። በግራ በኩል የገደሉ መንገድ ነው፤ አጭር፣ ግን የሚያስፈራ። በቀኝ የወንዙ መንገድ፤ ረጅም፣ ግን ደልዳላ። በሁለቱም መንገድ መጨረሻ ድልድይ አለ፤ ከባዱ መኪና በትንሿ ካልተጎተተ አይሻገርም። ዳኛዋ አዝራሮች በሳህን አድርጋለች፤ በየዙሩ አንድ ታነሣለች። አዝራሩ ሲያልቅ ፀሐይ ጠለቀች፣ ጠላት ደረሰ፣ መኪናውም ሕፃናቱም የሉም።

መጀመሪያ ጓዳ ገባች። ጭምቱ እርሳሱን ካርታው ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሰ። ያ ሰው መንገድ ሲሻገር እንኳ አራት ጊዜ ነው የሚያየው! "እሱ ችኩል ነው" አለ በመጨረሻ። "በገደሉ ነው የሚመጣው። እኔም በገደሉ እሄዳለሁ።"

ሳሎን ገባች። መካኒኩ ጠረጴዛውን በጣቱ እየመታ "እሱ እንደሆነ ፈሪ ነው። ፈሪ እንኳ አይደለም፣ ጠንቃቃ ነው። በወንዙ ነው የሚሄደው። እንግዲህ ዞሬ በወንዙ ልሂድ" አለ።

ድንቹ በእጄ ቀረ። ገባችሁ? አንዱ ለአንዱ ሲል የራሱን ጠባይ ጣለ፤ በዚያው ተላለፉ። ብድግ ብዬ "ኧረ እናንተ ልጆች!" ልል ስል ዳኛዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

አዝራር ተነሣ። ሌላ ተነሣ። ጓዳ ውስጥ ጭምቱ "እስካሁን መድረስ ነበረበት" ይላል። ሳሎን ውስጥ መካኒኩ "የጎማ ምልክት አለ መሬቱ ላይ?" ይላል። "የለም" ትለዋለች። ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁት።

"እንዴ!" አለ መካኒኩ ድምፁ ተቀይሮ። "ይሄ ሰውዬ እኔን ብሎ ገደል ገባ እንዴ? ከነሕፃናቱ?"

"ትመለሳለህ?" አለችው።

"ብመለስ፣ እሱም ተመልሶ ከሆነስ? ስንተላለፍ ሊመሽብን ነው።" ከዚያ በቀስታ "አቆማለሁ። ሞተሩን አጠፋለሁ። ዝም ብዬ ላዳምጥ" አለ።

ዳኛዋ ጓዳ ገባች። ከአፏ ቃል ሳይወጣ ጭምቱ ቀደማት። "ከዚህ በላይ ብሄድ ይበልጥ እርቀዋለሁ። ቆሜያለሁ። ሞተሬን አጥፊው።"

ልጄ ኮሪደሩ ላይ መጣችና አጠገቤ ቁጢጥ አለች። "እማዬ" አለች በሹክሹክታ፣ "ደንቡ እኮ ይህ ነበር። ጃም የተደረገ መኪና ይቆማል ብዬ ነበር የጻፍኩት። ማንም ሳያስገድዳቸው ቆሙ። ሁለቱም።"

ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ የወረደው ጸጥታ፣ ልጆቼ፣ በምን ልንገራችሁ! ቧንቧው ጠብ ሲል ይሰማል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በሁለት ክፍል ትንፋሻቸውን ይዘው፣ የሌለ ተራራ ማዶ የሌለ ሞተር ድምፅ ያዳምጣሉ። እኔም አዳመጥኩ። እውነቴን ነው፤ የነፋሱን ፉጨት የሰማሁ መሰለኝ። ሳህኑ ላይ አንድ አዝራር ቀርቷል።

በድንገት ሳሎን ውስጥ መካኒኩ በአፉ ጡሩንባ ነፋ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ "ጲጵ! ጲጵ! ጲ...ጵ!"

ያን ድምፅ የማውቀው ቁምጣ ለባሽ ልጆች ሳሉ ጀምሮ ነው። ልጄ ግቢው ውስጥ ሆኖ፣ ፎቅ ላይ ያለውን ጓደኛውን የሚጠራበት ነበር። "ና፣ ውረድ" ማለት ነው። ተኳርፈው ሲሰነብቱም የሚታረቁት በዚያችው ነበር። ከአፉ የማትወጣዋን ቃል ለካ በጡሩንባ ያውቃት ኖሯል!

ዳኛዋ ብድግ አለች። ጡሩንባው በግድግዳው አልፎ ጓዳ ድረስ ተሰምቷል፤ ይቆጠራል አይቆጠርም? ጠጠር አልጣለችም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለሁለቱም ፈረደች፤ "ጃም ሬዲዮን እንጂ ጡሩንባን አያፍንም። ግን ሞተሩ እየሠራ ያለ ሰው ይህን አይሰማም። የቆመ ብቻ ነው የሚሰማ።"

ከጓዳ የጭምቱ ድምፅ መጣ፤ ያ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ልጅ፣ "ጲጵ! ጲጵ! ጲ...ጵ!" የጎረቤት ውሻ ጮኸ። "እየወረድኩ ነው!" አለ። "መጣሁ፣ አንተ ቅጥ የለሽ! ጠብቀኝ!"

በሩን በትከሻው ገፍቶ ካርታውን እያውለበለበ ወጣ። ዳኛዋ ሁለቱን ስስ ወረቀቶች አነባበረችና መስኮቱ ላይ ለጠፈቻቸው፤ የከሰዓቱ ፀሐይ ከኋላቸው አበራ። ሁለቱ የእርሳስ መንገዶች ከመንታው ተለያይተው ይሄዳሉ። የቆሙባቸውን ነጥቦች ግን እዩልኝ! አንዱ ከገደሉ አፋፍ፣ ሌላው ከዚያው ገደል እግር ሥር፤ ነጥብ በነጥብ ላይ ሊያርፍ ምንም አልቀረው። አንድ ዙር ብቻ አልፈው ቢነዱ ኖሮ ጡሩንባው አይደርስም ነበር።

እኔ ቢላዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ጭምቱ ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። በዚያ ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የልጄ ትከሻ ሲወርድ አየሁ።

"ቢሆንም" አለ መካኒኩ ዓይኑን እያሸ፣ "ሞተር በወሬ አይሠራም።"

"ብሎንም በሽሮፕ አይፈታም" አለ ጭምቱ። "ገመዱን ወርውር፤ ሕፃናቱ በርዷቸዋል።"

ዳኛዋ አሮጌውን ደንብ ሰርዛ ከሥሩ "የሚያቆመው ጃሙ አይደለም፤ ነጂው ነው" ብላ ጻፈች። ያነሣቻቸውን አዝራሮች መልሳ ሳህኑ ላይ ጣለች። እኔም ድንቼ ሳይላጥ ቀርቶ ስለነበር ሦስቱንም ቢላ አስያዝኳቸው።

ይኸው ነው። እንግዲህ እናንተም አንድ ቀን የምትወዱት ሰው ድምፅ ይጠፋባችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ ያቺን የቆመች መኪና፣ ያንንም ጸጥታ አስታውሱልኝ፤ አደራ።