የነነዌው ሙክት

ኑርሑሴን ልብስ ሰፊ ነበር፤ እኔ ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛ። የተዋወቅነው መቀሌ፣ ሓድነት በሚባለው ሰፈራችን መስጊድ፣ ሰዎች ከሶላት በፊት እጅ እግራቸውን የሚታጠቡበትን የውዱ ቧንቧ ሳበጅ ነው። ከወሎ ከመጣሁ ገና ወር አልሞላኝም፤ ትግርኛ አልሰማም። እሱ ግን አማርኛ ይችል ነበርና፣ «ኣያ፣ ጠበቅ አድርገህ እሰረው። ካንጠባጠበ ሼኹ ውሃ አባከናችሁ ብለው የሚቆጡት እኔን ነው» አለኝ። ስቀን ተለያየን። በማግስቱ የተቀደደ ሱሪዬን ይዤለት ሄድኩ። እንዲህ እንዲህ እያልን ሠላሳ ስምንት ዓመት ጎረቤት ሆንን።

ልጆቼ፣ እንደምታውቁት በእኛ አገር ሙስሊም የክርስቲያን እርድ አይበላም፤ ክርስቲያኑም የሙስሊሙን አይበላም። ፍቅሩ አንድ ቢሆንም ሥጋው ለየብቻ ነው። ስለዚህ ሙስሊም ሲድር፣ ለክርስቲያን እንግዶቹ የሚያርድና የሚያስተናግድ ክርስቲያን ጎረቤት ይሾማል። ክርስቲያን ሲድርም እንደዚያው። የእኔን ልጆች ስድር ቢስሚላህ ብሎ ያረደልኝ ኑርሑሴን ነበር። ታሞ ሊሞት ሲል ደግሞ እጄን ያዘና፣ «ለልጄ ለረምላ ሰርግ አልደርስም። ክርስቲያኖቼን አንተ ተቀበልልኝ፤ ከቤቴ ሳይበላ የሚወጣ እንዳይኖር» አለኝ። እሺ አልኩት። አደራ ነው እንግዲህ።

ዘንድሮ ረምላ አገባች። ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ስለቀረው ነገሩ ጥድፊያ ነበር። እሑድ ዕለት ኒካው ታሰረ። በእነሱ ሥርዓት ሙሽራው ለሙሽሪት መህር ይሰጣል፤ የራሷ ነው፣ እናት አባት እንኳ አይነካውም። ረምላ ወርቅ አላለችም። የስፌት መኪና ጠየቀች፤ የአባቷ በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቶ ነበርና። መኪናው ሳሎን መሃል ሲቀመጥ እናቷ ሀፊሳ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ወጣች። እኔም ተከትዬ ወጣሁ፤ ዐይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባ።

የጎረቤት ግብዣ የተባለው ለሰኞ ነው። ባለቤቴ ኣብርሀት የወለደች ልጃችንን ልታርስ ውቅሮ ሄዳለች። ስለዚህ ብቻዬን ማልጄ ተነሣሁና አንድ ወር ሙሉ ሳበላው የከረምኩትን ሙክት በስመ አብ ብዬ አረድኩት። ገፍፌ ግቢዬ ካለው ዛፍ ላይ ሰቀልኩት። የስቡ ነገር! «ኑርሑሴን፣ ይኸው» አልኩ በልቤ።

ያን ጊዜ መምህርት ፍሬወይኒ፣ ጎረቤታችን ናት፣ የባቄላና የአብሽ ዱቄት በሳህን ተሸክማ ገባች።

«ኣቦይ ከፋለ፣ የሕልበቱን ዱቄት የት ላስቀምጠው?»

«ሕልበት ለምኔ? ይልቅ ቢላዋ ያዢና ነይ።»

ቀና ብላ ሙክቱን አየችው። «ይሄ የማን ነው?»

«የእናንተ ነዋ!»

«የእኛ? ዛሬ?» አፏን በእጇ ያዘች። «ኣቦይ ከፋለ፣ ዛሬ እኮ ነነዌ ነው!»

ቢላዋው ከእጄ ወደቀ ብላችሁ ውሸት ይሆንብኛል፤ እንደጨበጥኩት ቀረሁ። ነነዌ እንደምታውቁት ሦስት ቀን ነው፤ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከሰኞ እስከ ረቡዕ። በየዓመቱ ቀኑ ይዘዋወራል። የምትቆጥረውም ኣብርሀት ናት፤ እኔ የቀረበልኝን እበላለሁ እንጂ ቆጥሬ አላውቅም። እንግዶቹስ ለምን አልነገሩኝም? ለካስ ሁሉም፣ «ከፋለ ክርስቲያን አይደለም እንዴ፣ የጾም አዘጋጅቶ ይሆናል» ብለው ነው።

እስቲ አስቡት። ያ ሙክት መቀሌን ሙሉ ብትዞሩ የሚበላው አልነበረም። ክርስቲያኑን ጾሙ ያዘው፣ ሙስሊሙን የእኔ እርድ። ስልሳ ክርስቲያን ደግሞ በኑርሑሴን ቤት አፉን ይዞ ሊቀመጥ ነው። ዝም ብዬ ብሰወርስ? አሰብኩት፣ አልዋሻችሁም። ግን የት እሄዳለሁ፣ አጥራችን አንድ ነው።

ስሄድ ሀፊሳ ግቢዋ ውስጥ ከወንድሟ ከሼኽ ዓብዱልቃድር ጋር ወንበር ትደረድራለች።

«ኣያ ከፋለ፣ ፊትህ ምን ሆነ? ሙክቱ አመለጠ እንዴ?»

«ቢያመልጥ ይሻል ነበር» አልኩና ነገርኳት። «ሀፊሳ፣ የኑርሑሴንን አደራ በላሁ።»

የያዘችውን ወንበር አስቀመጠች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የምታለቅስ መሰለኝ፤ ለካስ እየሳቀች ነው። «በላህ? ችግራችን እኮ የሚበላው መጥፋቱ ነው!»

«አትሳቂ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ። ምን ላብላቸው?»

«ሽሮ የለህም? ምስር የለህም?»

«የጾም ድስቱ የት እንዳለ አላውቅም።» በፍስክ ድስት የጾም አይሠራም፤ ሥጋና ቅቤ ነክቶታልና። ኣብርሀት ጋ ደወልኩ።

«አንድ ሳምንት ብለይህ ነነዌን አረድካት!» ስትጮህ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅሁ። ሀፊሳ ቀማችኝ። «ኣጆኺ፣ አይዞሽ ኣብርሀት፣ ንገሪኝ፣ ድስቱ የት ነው?» ከአልጋው ሥር፣ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ ነበር። ሠላሳ ዓመት የተኛሁበት አልጋ!

የጎረቤት ሴቶች ተሰበሰቡ። ምስር ተለቀመ፣ ቲማቲሙ ለሲልሲው ተከተፈ፣ ፍሬወይኒም የባቄላና የአብሽ ዱቄቷን በውሃ እየመታች ሕልበቱን እንደ አረፋ አነሣችው። ሀፊሳ ቆማ ስታይ ቆየችና ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ሼኽ፣ ሽሮና ሕልበት ምን ሃይማኖት አለው?»

«ምንም» አሉ እሳቸው።

«እንግዲያው የእኛ ሥጋ ለማታ ይቆይ፤ ከሩቅ የሚመጡ ዘመዶች ይበሉታል። ለምሳ ሁሉም ከአንድ ማዕድ ይብላ።»

ሼኹ ጢማቸውን ዳበሱ። «ጎረቤት አክብሩ ተብለናል፤ ሥጋ የግድ ብሉ አልተባልንም።»

ያን ጊዜ ስንት ዘመን በልቤ የነበረውን ጠየቅኳቸው። «ሼኽ፣ ያኔ የነቢዩ ተከታዮች ከመካ ተሰደው ሲመጡ፣ የእኛ ንጉሥ ክርስቲያን ሆኖ ተቀበላቸው ይባላል። ምን አበላቸው? እርዱስ የማን ነበር?»

«ይህን የጻፈ አላየሁም» አሉ። «ቁርኣን የመጽሐፉን ሰዎች፣ የእናንተን፣ ምግብ ፈቅዷል፤ ሊቃውንቱም ይህንኑ ይላሉ። መለያየቱ የአገራችን ልማድ ነው፤ ልማድም ቀላል አይደለም።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «ማን ያውቃል ኣያ ከፋለ፤ ምናልባት የመጡት በነነዌ ይሆናል።»

በነነዌ እህል የሚቀመሰው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። ሙስሊሞቹም የዐሱር ሶላት ነበረባቸው። እኛ እነሱን ጠበቅን፣ እነሱም እኛን። ሰግደው ሲመለሱ ገበታው ቀረበ። ይህን ሁሉ ዓመት ስንጎራበት ከሀፊሳ ጋር ሻይ ጠጥቻለሁ፣ ዳቦ ቆርሻለሁ፤ ግን በሰርግ፣ በሰው ፊት፣ እጃችን አንድ ትሪ ላይ ወርዶ አያውቅም ነበር። መሓሪ፣ ያ የሰፈራችን ቀልደኛ፣ ሼኹ አጠገብ ተቀምጦ፣ «ሼኽ፣ ወደ እኔ በኩል ያለውን ሲልሲ አይንኩብኝ፤ ድንበር ነው!» ሲላቸው፣ ሼኹ ሰፋ አድርገው ቆርሰው ከእሱ በኩል አጠቀሱ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ረምላ በሂና ያጌጠ እጇን ዘርግታ ሕልበት ስታጠቅስ አየኋት፤ እንደ አባቷ ከጠርዙ ጀምራ ወደ መሃል ትገባለች።

እንግዳ ሲወጣ ኑርሑሴን በር ላይ ይቆም ነበር። እኔም ሄጄ እዚያው ቆምኩ። እያንዳንዱን፣ «ጠገብክ? ጠገብሽ?» አልኩ። መጨረሻ የወጣው መሓሪ ቀበቶውን ላላ አድርጎ፣ «ኣቦይ ከፋለ፣ ሌላ ጥያቄ የለህም?» አለኝ። ሳይበላ የወጣ አልነበረም።

ሙክቱን ዘልዝዬ፣ በርበሬ ነስንሼ ግቢዬ ውስጥ በሽቦ ላይ አሰጣሁት። ሐሙስ ጾሙ ሲፈታ ቋንጣውን ለክርስቲያን ጎረቤቶቼ አደልኩ። ኣብርሀትም ከውቅሮ ደርሳ፣ እየበላች ትቆጣኝ ነበር።

ሀፊሳ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች። «ኣያ ከፋለ፣ ሙስሊማም ታጭታለች፤ የረምላ ታናሽ።»

«እንኳን ደስ አለሽ! መቼ ነው?»

«ለከርሞ። የጎረቤቱን ግብዣ ዳግመኛ የጾም ቀን ላይ ነው የማደርገው።»

«ተይ ሀፊሳ!»

«ምን ተይ? እንደዚያ ቀን የሚጣፍጥ ምሳ በልተህ ታውቃለህ? አንተ ብቻ ሙክት እንዳትገዛ፤ ቀኑንም ኣብርሀት ትቁጠርልን።»

ከሷ ቤት የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። ረምላ ልትጠይቅ መጥታ፣ ገና ባልወሰደችው መኪና የእናቷን መጋረጃ ትሰፋለች።