የክፉ ቀን ቤንዚን

ገዴራ መገንጠያው ላይ ፒካፑ ሁለቴ አሳለና ጸጥ አለ። ይርገዱ እየተሳደበች መንገዱ ዳር አስጠጋችው። ከኋላ የምታከራየውን የለቅሶ ድንኳን፣ የወንበር ቁልል፣ የእጅ መታጠቢያ ጄሪካኖች ጭናለች። ያቭነ ከተማ እነአመለወርቅ አባታቸውን ቀብረው ሊመለሱ ነው፤ ለቀስተኛው ጥላ ይፈልጋል።

ፒካፑ አሮጌ ነው፤ ሁለት የነዳጅ ታንክ አለው፣ የፊትና የኋላ። መሪው አጠገብ ያለችውን ማቀያየሪያ ወደ ኋላው ገፋች። ተነሣ። ትንሽ ሄደና እንደታነቀ ሰው ተንፈራፍሮ ቆመ።

ስልኩ ጮኸ። ልጇ ማታን ነው፤ ቀድሟት ያቭነ ደርሷል። እናቱን በዕብራይስጥ ኢማ ነው የሚላት።

"ኢማ፣ የት ነሽ?"

"ገዴራ።"

"ቆመ፣ አይደል?"

"ትንሽ ደከመው።"

"ዳይ፣ በቃ፣ ኢማ! ቃል ገብተሻል። አንዴ ከቆመ ቁልፉ ለእኔ፣ መኪናው ለቁርጥራጭ ብረት ብለሻል። ባለፈው ለቅሶ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ምን እንዳለን ረሳሽው? ጎታች መኪና እልካለሁ።"

"ላክና በድንጋይ ስመልሰው ታያለህ።" ዘጋችበት።

ባሏ ጓዴ ወገቡን ከታመመ ወዲህ የምትነዳው እሷ ናት። ፒካፑ ከሄደ ቤኤር ቱቪያ ተመልሶ የፋብሪካ ወለል ማጠብ ነው። ከዚያ ወለል ወጥታለች። አትመለስም።

ቁልፉን ግማሽ አዙራ ጆሮዋን ጣለች። ማቀያየሪያዋ የፊቱ ታንክ ላይ ስትሆን ዝም። የኋላው ላይ ስትሆን የነዳጅ ፓምፑ ዝዝዝ ይላል። የፊቱ ፓምፕ ሞቷል ማለት ነው። የኋላው ይሠራል፤ ታዲያ ምን አነቀው? ወርዳ የኋላውን ክዳን ከፈተችና አሸተተች። የከረመ ቀለም ይሸታል እንጂ ቤንዚን ቤንዚን አይልም።

ቂርያት ማላኪ፣ ቤት ለተኛው ባሏ ደወለች።

"አንተ፣ የኋላውን መቼ ነው የሞላኸው?"

"እንዳትነኪው!" አለ ጓዴ። "የክፉ ቀን ነው።"

"መቼ?"

"በማታን ባር ሚጽቫ ጊዜ፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላው።"

ማታን ውትድርናውን ጨርሶ ከወጣ ከርሟል።

"ጓዴ፣ ክፉ ቀንህ ነቅዟል።"

"ቤንዚን ይነቅዛል እንዴ?"

"ያንተ ነቅዟል። አገር ቤት እህል በጉድጓድ ስትቀብር እንኳ እያወጣህ ታሰጣው ነበር።"

"ሁሉንም አትድፊው፣ ትንሽ እንኳ..."

"ክፉ ቀን ዛሬ ነው። ያላ፣ ቻው።"

ደህናው ቤንዚን የሞተ ፓምፕ ጋ ተቀምጧል፤ ደህናው ፓምፕ የተበላሸ ቤንዚን ውስጥ ተነክሯል። ለእጅ መታጠቢያው ከያዘችው የውሃ ጎማ ላይ ቁራጭ ቱቦ ቆረጠች። የጄሪካኖቹን ውሃ ደፍታ አራገፈች። ቱቦውን ኋላው ውስጥ ከታ በአፏ ሳበች፤ ጉሮሮዋ ሲቃጠል ተፋችና ቱቦውን ጄሪካን አፍ ላይ ሰካችው። ሻይ የመሰለ ቡናማ ነገር ወረደ። ኋላው ሲደርቅ ደህናውን ከፊቱ ቀድታ ኋላው ውስጥ ገለበጠች። የሚያልፈው መኪና ሁሉ ጡሩምባ ይነፋል። ቀና ብላም አላየችው።

ቁልፉን አዞረች። አልተነሣም። ደገመች። አሳለ፣ ነጭ ጭስ ተፋ፣ ተንቀጠቀጠና ያዘ።

"አሁን ትቆምና አሳይሃለሁ" አለችው።

ያቭነ ስትደርስ ማታን ግቢው በር ላይ እጁን ዘርግቶ ጠበቃት። ለቀስተኛው ገና ከመቃብር አልተመለሰም።

"ቁልፉን፣ ኢማ።" ቀረብ ብሎ አፍንጫውን ያዘ። "ምንድን ነው የምትሸቺው?"

"የአባትህን ቁጠባ። ሲጋራ የያዘ ሰው እንዳታስጠጋብኝ።"

"ቆሞ ነበር። ቃል ቃል ነው።"

"ቆመ፤ ማን አስነሣው?"

ቁልፉን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች፣ በጥርሷም አጠበቀችው። ከዚያ ከጭነቱ ላይ አንድ ወንበር ስባ እዚያው በተዘረጋ እጁ አስያዘችው።