የሲላስ መኪና ዳገቱን ሳትወጣ

ደግሞ አስነሳት፣ ሞተሩ ያጓራል፣ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም፣ የሺመቤት በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ አንድ ዓይኗን ለጥፋ ታያለች፣ የጫኖ ሙዝ ነጋዴው ጎረቤቷ ሲላስ መሪውን ጨብጧል፣ ሚስቱ ሉሊት ከኋላ ተጋድማለች፣ ምጥ ይዟታል። ከንጋት ጀምሮ ስታቃስት ሰምታታለች። የበኩር ልጅ ነው፣ ሐኪም ቤቱ ደግሞ ሽቅብ፣ ላይኛው ሰፈር ሴቻ፣ ያ ዳገት ጤነኛውንም መኪና ያስለከልካል።

ትንሽ ትሙቅ፣ ስትሞቅ ትይዛለች፣ ይላል ሲላስ፣ ፊቱ ላብ በላብ፣ ወደ ፊት ያስገባል፣ ምንም፣ ወደ ኋላ ያስገባል፣ ዘለል ብላ ትሄዳለች፣ ወደ ኋላማ መች ሰንፋ ታውቃለች። ጉድ እኮ ነው፣ ያን ሁሉ የቆዳ ወንበር ተሸክማ እንደ አመለኛ በቅሎ ወደ ኋላ።

ዘይቱን አይታለች፣ ቀዩን፣ ከመኪናዋ ሆድ ስር የሚንጠባጠበውን፣ ሲላስ ጠዋት ጠዋት አሸዋ ሲነሰንስበት። መካኒኩ አቡበከር ሲነግረውም ሰምታለች፣ ወንድሜ ካምቢዮው ተበልቷል፣ አውቶማቲክ ነው፣ እዚህ የሚፈታልህ የለም፣ በጭነት አዲስ አበባ ላካት፣ እስከዚያ ዳገት አታስነካት። ቀስ በል ሰው ይሰማል አለ ሲላስ። በምን ፊቱ ያስጭናት፣ ጉባኤ መሃል ቆሞ ጌታ የሰጠኝ ብሎ መስክሮባታል፣ እልል ተብሎባታል፣ ጌታ የሰጠው ካምቢዮ ይበላል እንዴ።

ባጃጅ በበሩ አለፈ። ባዶውን። መጥራት ነው፣ አንድ ቃል። ግን መኪናዋ የገባች ዕለት፣ ይህቺማ አትከርምም ብትል፣ ሉሊት ሰው ሁሉ እየሰማ ምን አለቻት፣ እትዬ የሺመቤት፣ በጌታ ስም፣ አፍዎን ከእኛ ላይ ያንሱልን፣ እርስዎ ያሙት ነገር መች ቀንቶት ያውቃል፣ የጉልቱ ሴቶችም ተንከተከቱ። እሺ፣ አነሳሁ። አሁን ብትጠራላቸው ምቀኛዋ አሟርታ አቆመቻት ሊባል አይደል፣ ይቅር፣ ግን ልጅቷ፣ ከንፈሯ ነጥቷል፣ ልጥራ እንዴ፣ ሁለተኛው ባጃጅ መጣ፣ አፏን ከፈተች፣

ቋ! ያዘች። ሃሌሉያ! አለ ሲላስ፣ ወጡ፣ አቧራቸው ቀረ።

እመ ብርሃን ትቅረብሽ ልጄ፣ ትላለች ከአጥሩ ሳትላቀቅ፣ ጆሮዋ ተከትሏቸዋል፣ አስፋልቱን ያዙ፣ ዳገቱ ስር ደረሱ፣ ይኸው፣ ድምፁ ቀጠነ፣ በጣም ቀጠነ፣ ሞተሩ ብቻውን ነው የሚጮኸው፣ ጎማው አብሮት የለም፣ ክላክስ፣ የሰው ጩኸት፣ ከዚያ ሞተሩም ዝም።

አላልኩም?

ሳትጠራው ምላሷ ላይ መጣ፣ ጣፈጣት፣ ከልጅቷ ስም ቀድሞ መጣ፣ አምላኬ ምን ዓይነት ሰው ነኝ፣ ሩጪ፣ ባጃጅ ይዘሽ ሩጪ፣ ነጠላዋን ጎተተች፣ ጫማዋን አጠለቀች፣ በሩን በርግዳ ወጣች፣ እግሯ ግን ወደ ዳገቱ አልዞረም፣ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ወደ ጉልቱ እየወሰዳት ነው፣ በፍጥነት፣ ሌላ ሰው በወሬው ሳይቀድማት